ሱቅ ልከራይ ወይስ ቲክቶክ ይበቃኛል? ከባሕር ዳር ነጋዴዎች ጋር ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖቼ። ትናንት ማታ «በስልክ ስለ መሸጥ የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ» ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ ጥያቄ መጣ። ለማታውቁኝ፣ እኔ እዚሁ ባሕር ዳር የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ትንሽ ሱቅ አለኝ። ፌስቡክም፣ ቴሌግራምም፣ ቲክቶክም እጠቀማለሁ። የጥቂት ነጋዴዎችንም ገጽ እይዛለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሱቅ ኪራይ አልቻልኩም። ልብስና ጫማ ነው የምሸጠው። ቤቴ ሆኜ ቲክቶክ ላይ ብቻ ብሠራ ያዋጣኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሩን ጀምሪ። ኪራይ ሳይከፍሉ መነሳት ትልቅ ነገር ነው። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ግን አውጪያት።

ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ። በ2015 ዓ.ም ሁለት ጊዜ ተመትቻለሁ። መጀመሪያ የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገደቡ። ቪፒኤን (እገዳ የሚያሳልፍ መተግበሪያ) የሚችል ይገባ ነበር። የእኔ ደንበኞች ግን አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ ቪፒኤን የት ያውቁታል? እንዲሁ እያልን ሐምሌ ደረሰ። ተከፈተ ተባለ። ተመስገን ብለን ሳንጨርስ እኛ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ለእንቁጣጣሽ ያሠራሁት ቀሚስ መደርደሪያ ሞልቷል። ለማን ላሳየው?

ያን ጊዜ ያወጣኝ ደብተር ነው። ልብስ ሲታዘዝ ልኬት እጽፋለሁ። ከልኬቱ አጠገብ ስም፣ ስልክና ሰፈር እጽፋለሁ። እሱን ይዤ አንድ በአንድ ደወልኩ። «እትዬ፣ የልጅዎ ቀሚስ ሳያጥራት አይቀርም፤ አዲስ ጥለት አስመጥቻለሁ» እላለሁ። አንዳንዷ መጣች፣ አንዳንዷ ጎረቤቷን ላከች። ሁሉም ገዙ አልልም። የሠራተኛዬን ደመወዝ ግን ከፈልኩ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ ሥራዋን ዘጋች። ተከታዮቿ የእኔን ብዙ እጥፍ ነበሩ። ዕቃዋም ከእኔ ያምር ነበር። ግን የአንድም ደንበኛ ስልክ አልነበራትም። ሁሉም ነገር ኢንቦክስ ውስጥ ቀረ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል፤ አስቀድሜ ልነግራት እችል ነበር።

ደግሞ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይምሰልሽ። መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ዙሪያ ለ6 ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ህንድ ደግሞ በሰኔ 2012 ቲክቶክን ስትከለክል፣ እዚያ ላይ ብቻ የነበረ ነጋዴ ሜዳ ላይ ቀረ።

ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ደንበኛሽ ጀምረሽ ስልክ ጻፊ። «አዲስ ዕቃ ሲገባ ልደውልልሽ?» ብለሽ አስፈቅጂ። ከዕቃው ጋር ስምሽና ቁጥርሽ ያለበት ቁራጭ ወረቀት አድርጊ። ሱቅ ያላት ጎረቤት ካለችሽም ጥቂት ዕቃ መደርደሪያዋ ላይ አስቀምጪና ከሽያጩ ድርሻ ስጫት። ስልክ ላይ ያየ ሰው በእጁ የሚነካበት ቦታ ይፈልጋል። በተለይ ጫማ።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር አሳ ቤት አለኝ። የልጅ ልጄ የለቀቀችው ቪዲዮ ብዙ ሺህ ሰው አየው። ወንበሮቹ ግን ባዶ ናቸው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እትዬ፣ ቪዲዮውን አየሁት። እውነትም ያምራል። ታንኳው፣ የጣና ጀምበር፣ አሳው ዘይት ውስጥ ሲንቸሰቸስ። እኔንም አስርቦኛል። ግን ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት አነበብኩት። አንዱ «ከዱባይ ናፈቀኝ» ይላል። ሌላው ሐዋሳ ነው። እነዚህ ሰዎች ይወድዱልዎታል እንጂ ነገ ለምሳ አይመጡም።

የሚመጣው እዚሁ ከተማ ያለው ነው። እሱ ደግሞ ቪዲዮውን አይቶ ሦስት ነገር አጣ። ቤቱ የት እንደሆነ አልተነገረም። ስልክ የለም። ዋጋ የለም። የጠየቀውም ሰው «በኢንቦክስ» ተብሏል። ይህ ነገር በጣም ነው የሚያናድደኝ! ሐይቅ ዳር ሲባል የባሕር ዳር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ለቱሪስት ነው፣ ውድ ነው» ብሎ ነው። ዋጋውን ያልጻፈ ቤት ይህንን ጥርጣሬ ያጸናዋል። ጥብሱ ስንት ነው? ጉላሹ ስንት ነው? በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛው ምክሬ ይህ ነው። በአቅራቢያዎ ካሉ መሥሪያ ቤቶች የሚመጡ ምሳ በሎችን ስልካቸውን ጠይቀው ቴሌግራም ላይ ይሰብስቧቸው። ከዚያ በየጠዋቱ፣ ከ5 ሰዓት በፊት፣ አንድ አጭር መልእክት ይላክ፦ ዛሬ የገባው ቆሮሶ ነው፣ አምባዛ ነው ወይስ ነጭ አሳ? ሐይቁ በየቀኑ የሚሰጠው ይለያያል። ስለዚህ መልእክትዎ እውነተኛ ወሬ አለው፤ ሰው አይሰለቸውም። አሳ ያልገባ ቀንም «ዛሬ አሳ የለም» ይበሉ። እንደዚህ ያለ ቤት ይታመናል። አቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሽሮውንና በያይነቱን ያስተዋውቁ፤ 55 ቀን ወንበር ታቅፎ መቀመጥ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የገባውን ሰው ሁሉ «ቤታችንን በምን አወቁት?» ብለው ይጠይቁና ለአንድ ወር በደብተር ጭረት ያድርጉ። አንድ ካፌ ይህንን አሠራሁ። ባለቤቱ ሁሉም በፌስቡክ የመጣ መስሎት ነበር። አብዛኛው ሰው «በዚህ ሳልፍ አየሁ» ወይም «ጓደኛዬ አመጣኝ» አለ። ታፔላው ግን ደብዝዞ ፊደሉ አይነበብም ነበር። በማግስቱ ቀለም ቀቢ ጠራ።

ጥያቄ፦ ቡስት ማድረግ (ልጥፉን ብዙ ሰው እንዲያየው ለመተግበሪያው መክፈል) ያዋጣል ወይስ ብር ማባከን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሂሳቡን ሥራ። አብዛኞቻችን የምንከፍለው የዶላር ካርድ ባለው ሰው በኩል ነው፤ እሱም ትርፉን ይጨምርበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ድሮ «ትንሽ ናት» ብለን የምንከፍላት አሁን ትንሽ አይደለችም።

እኔ የማደርገው በዓመት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ብቻ ነው። ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ የምጀምረው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ሸማኔውም ጥልፍ ሠሪውም ጊዜ ይፈልጋሉ። ጥር ከገባ በኋላ የመጣ ትእዛዝ ጭቅጭቅ ነው የሚሆነው። ማስታወቂያው የሚታይበትን ቦታ ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ብለህ ገድበው። አንድ ቀሚስ ስንት እንደሚያተርፍህ ሳታውቅ ግን አትክፈል።

ጥያቄ፦ ተከታይ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። የተገዛ ተከታይ ቀሚስ አይገዛም። ጭራሽ የምትለጥፈውን ነገር ዝም ብሎ ስለሚያልፈው፣ መተግበሪያው «ይህን ልጥፍ ሰው አይወደውም» ብሎ ለእውነተኞቹም ማሳየት ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ደንበኛ የቴሌብር ስክሪንሾት ልኮልኝ ዕቃ ሰጠሁ። ብሩ አልገባም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በጣም አዝናለሁ። ስክሪንሾቱንና ቁጥሩን ሳታጠፊ ይዘሽ ለፖሊስ አመልክቺ። ለወደፊቱ ግን የላከልሽን ምስል አትይ፤ የራስሽን ሂሳብ ከፍተሽ እዪ። የጽሑፍ መልእክትም ተመሳስሎ ይላካል። ባጃጅ ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ ቶሎ በይ ሲሉሽ ይበልጥ ተጠንቀቂ። ማጣደፉ ራሱ ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ ጎብኚዎችን በጀልባ ወደ ዘጌ እወስዳለሁ። ፎቶ እለጥፋለሁ፤ ላይክ እንጂ ሥራ አይመጣም።

መልስ፦ የጣና ፎቶ ሁሉም ሰው አለው። አንተ ያለህ እውቀት ነው። ሰው ሳይመጣ በፊት የሚጨነቅበትን መልስለት። ዘጌ በጀልባ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ገዳሙ ስንገባ ምን እንልበስ? ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡ ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ ሳይሆን አስቀድመህ ንገራቸው። ጢስ አባይም ውኃው የሚበዛው ከክረምቱ ዝናብ ቀጥሎ እንደሆነ ጻፍ። በበጋ መጥቶ ቀጭን ውኃ አይቶ የተመለሰ ሰው ስምህን በክፉ ነው የሚያነሳው።

ጉግል ካርታ ላይ ራስህን አስመዝግብ፤ ነፃ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሆቴል እንግዳ ተቀባዮችን ቅረባቸው። እንግዳው «ነገ የት ልሂድ?» ብሎ የሚጠይቀው እነሱን ነው። የውጭ ሰው ሲቀንስ ደግሞ የሠርግና የምርቃት ፎቶ የሚነሱትን አስብ። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ አጠገብህ ነው።

ጥያቄ፦ ገጹን የከፈተልኝ ልጅ አዲስ አበባ ሄደ። ስልክ አያነሳም። የይለፍ ቃሉ እሱ ጋ ነው።

መልስ፦ ቤተሰቡን ፈልጋችሁ በሽምግልና ጨርሱት፤ ፈጣኑ መንገድ እሱ ነው። እምቢ ካለ ዛሬውኑ አዲስ ክፈቱና ለደንበኞቻችሁ በስልክ ንገሯቸው። ሌሎቻችሁ ግን አካውንቱን በራሳችሁ ቁጥር ክፈቱ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) አብሩ። ገጽ የሚይዝላችሁን ሰው ከሥር አድርጉት እንጂ ባለቤት አታድርጉት። ይህን የምለው እኔ ራሴ የሰው ገጽ የምይዝ ሆኜ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ቤት ውስጥ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። እኔ ገጽ ልክፈትላት እላለሁ፤ እሷ እምቢ አለች። እንዴት ላሳምናት?

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቃት። አሁን የሚመጣላትን ትእዛዝ ትጨርሰዋለች ወይስ ይተርፋታል? እኔ እንደገባኝ በእድርና በሰፈር ሰው ብቻ እጇ ሞልቷል። በርበሬ መቀንጠስ፣ ማጠብ፣ ማስጣት፣ ወፍጮ ቤት መሰለፍ የሰው ጉልበት ነው። ነገ አንድ ቪዲዮ መቶ ሰው ቢያመጣባት ማን ያዘጋጃል? ጥራቱ ሲወርድ ደግሞ የዓመታት ደንበኛዋ ይሄዳል። እምቢ ያለችው ይህ ገብቷት ይመስለኛል፤ ስማት።

ልትረዳት ከፈለግህ ላስቲኩ ላይ የሚለጠፍ ስሟና ስልኳ ያለበት ወረቀት አሳትምላት። ዱቤ የወሰዱትንም መዝግብላት። ሰላም በልልኝ። ሁለት ኪሎ በርበሬ ካላት ታስቀምጥልኝ። ስልኳንም ላክልኝ፣ ደብተሬ ላይ ልጻፈው።