ቦርሳዬን ባንኮኒ ላይ ዘረገፉት

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ያደግኩትም ሆጤ ነው። ያለፈው ቅዳሜ ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ዘይትና ሳሙና ገዝቼ፣ ከፍዬ፣ ልወጣ ስል ጥበቃው በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ «አንቺ፣ ቦርሳሽን ክፈቺ» አለኝ። ከፈትኩለት። ጠዋት ከሌላ ሱቅ የገዛሁትን የፀጉር ቅባት አየና «ይሄ የኛ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። ካሸሯ መጥታ ቦርሳዬን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። መታወቂያዬ፣ የደም ግፊት ኪኒኔ፣ የልጄ ጫፉ የተበላ እርሳስ ሳይቀር ሰው ፊት ተበተነ። ቅባቱ እነሱ ጭራሽ የማይሸጡት ዓይነት ሆነ። «በቃ ሂጂ» አሉኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም።

አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ልጄ «እማዬ፣ ምን ወስደሽ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አላልፍም። ባለቤቴ «ተይው፣ ነገር አታብዢ» ይላል። እህቴ «ክሰሻቸው» ትላለች። እኔ ግን ዝም በማለቴ ራሴን እወቅሳለሁ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? አሁንስ?

ሆድ የባሳት፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ። ሰው ድንገት ሌባ ሲባል አንደበቱ ይተሳሰራል። ዝምታሽ ጥፋት አይደለም።

ከሱቁ በፊት ልጅሽ ትቅደም። «ምንም አልወሰድኩም፣ ተሳስተው ነው» በያት። ከቻልሽ ቅባቱን ወደገዛሽበት ሱቅ ይዘሻት ሂጂና መደርደሪያው ላይ አሳያት። ልጅ በዓይኗ ያየችውን ታምናለች።

ምን ማድረግ ነበረብኝ ላልሽው፦ አትሩጪ፣ አትጩኺ፣ ቦርሳሽንም አሳልፈሽ አትስጪ። እዚያው ቆመሽ «ኃላፊውን ጥሩልኝ» ማለት ነው። «ከጠረጠራችሁኝ ፖሊስ ጥሩ» ማለትም መብትሽ ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ሰውነትሽንና ንብረትሽን እንዲሁ ከመፈተሽ ይጠብቅሻል። ጥበቃ ደግሞ ፖሊስ አይደለም። ነገሩን ቶሎ ለመጨረስ ማሳየት ከመረጥሽም ገለል ባለ ቦታ፣ ለአንድ ሰው፣ በራስሽ እጅ እያወጣሽ ይሁን። ደረሰኝሽን በር ላይ አትጣይው።

ለሱቁም እውነቱን ልናገርለት። ዕቃ ይሰረቅበታል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ወንጀል ሠርቷል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ያለው ሰው ተጠርጣሪውን ቢይዝ አያስጠይቀውም፤ ግን ወዲያው ለሕግ ማስረከብ አለበት። ሕዝብ ፊት ቦርሳ ዘርግፎ «በቃ ሂጂ» ማለት ከዚህ የትኛው ነው? የራሳቸውን መደርደሪያ አንድ ጊዜ ቢያዩ ኖሮ እኮ ያልቅ ነበር! ይሄ በጣም አናዶኛል።

አሁንም አልረፈደም። በዚህ ሳምንት፣ ገበያ በማይበዛበት ጠዋት፣ ባለቤትሽን ወይም የምታከብሪውን አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ። የሱቁን ባለቤት አግኚው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆነውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪው። ካሜራ ካላቸው ቅጂው እንዳይጠፋ ጠይቂ፤ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታልና አትዘግዪ። የምትጠይቂው ይቅርታ ነው፣ ጥበቃውና ካሸሯ ባሉበት። ጥበቃው ከሥራ ይባረርልኝ ግን አትበይ። የታዘዘውን የሚሠራ የወር ደመወዝተኛ ነው፤ እንዴት እንደሚጠይቅ ማስተማር የነበረበት አሠሪው ነው።

እምቢ ካሉ እህትሽ ትክክል ናት። የሰውን ስም የሚያጎድፍ በሕግ ይጠየቃል፤ የጉዳት ካሳ ክስ የሚቀርበውም በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ያዩ ሰዎችን ከአሁኑ አነጋግሪ፣ የሆነውን ሳትረሺው በወረቀት ጻፊው፣ ጠበቃም አማክሪ። እኔ ግን በፍርድ ቤት አትጀምሪ እላለሁ። ቀጠሮው ያደክምሻል፤ ደሴ ደግሞ ሽማግሌ አላጣችም።

ይቅርታ እንጠይቃለን ካሉ ቀን አስቀጥሪና ልጅሽን ይዘሻት ተመለሽ። ሌባ የተባልሽው እሷ ፊት ነው፤ ይቅርታውንም እሷ ትስማው።