ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ታዲያ ጥፋቱ የአፈሩ ነው?

ውድ ልጆቼ፣

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁት «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባለውን ኮርስ ወስዳችኋል። የአመክንዮ ስህተቶችን ስም ሸምድዳችሁ፣ ተፈትናችሁ፣ ደብተሩን ዘግታችሁት ይሆናል። እባካችሁ መልሳችሁ ክፈቱት። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሕንፃ የሚያርፍበትን አፈር በመመርመር ነው። ከዚያ ደብተር አንዲቷ ገጽ በሥራዬ ሁሉ አልተለየችኝም።

ገጿ የምትለው ይህን ነው፦ «ሀ ከሆነ ለ ይሆናል፤ ለ ሆኗል፤ ስለዚህ ሀ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። ቀላል ትመስላለች። እኛ ሰፈር ግን፣ ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ድረስ፣ በየቀኑ ትጣሳለች። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ያወጣል። ይህ አፈር ቤት እንደሚሰነጥቅ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ግድግዳ በተሰነጠቀ ቁጥር ተቋራጩም ፎርማኑም «አፈሩ ነው» ይላሉ፤ ባለቤቱም አምኖ ይቀመጣል። ኮንክሪቱ በቂ ውሃ ሳይጠጣ ቢደርቅም እኮ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ከቤቱ ሥር የተሞላው አፈር፣ ማለትም ሙሌቱ፣ በደንብ ሳይጠቀጠቅ ቢቀርም እንዲሁ።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፈን ቀኑን እንጽፍበታለን፤ ስፋቱንም በየወሩ እንለካለን። ጥፋቱ የአፈሩ ከሆነ ጀሶው ይሰበራል፣ ስንጥቁም ከወቅቱ ጋር ይጠብባል፣ ይሰፋል። ሙሌቱ እየሰጠመ ከሆነ ይሰፋል እንጂ አይመለስም። የልስን ስንጥቅ ብቻ ከሆነ ጀሶው ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ይቆያል። ጎን ለጎን ከመሠረቱ ሥር የወጣውን አፈር አድርቀን፣ ነፍተን፣ 10 ሚሊ ሊትር ያህሉን 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለመስመር የላቦራቶሪ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ እያልን እንጨምራለን። በ24 ሰዓት ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር ከደረሰ አፈሩ ቀላል ቤት ሊጎዳ የሚችል ነው። 15 ካልሞላ ግን ጥፋተኛውን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሁለቱም ምርመራዎች አፈሩን ነጻ ሊያወጡት ይችላሉ፤ ክብራቸውም እዚህ ላይ ነው። የሳይንስ ፈላስፋው ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው መጽሐፉ ሳይንስን ከሌላው የለየው በዚህ ነው፦ ሊወድቅ በሚችልበት ፈተና ፊት ራሱን ያቆማል። ማንኛውም መምህር አንድ ነገር ሲነግራችሁ «ይህ ስህተት ቢሆን ኖሮ በምን እናውቅ ነበር?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ጥሩ መምህር በጥያቄው ይደሰታል።

ከዚህም የረቀቀ ጉዳይ አለ። ከአንድ ግቢ የወጣ የአፈር ናሙና ላቦራቶሪ ሲደርስ ከረጢቱ ከጎረቤት ግቢ ናሙና ጋር ተቀያየረ እንበል። መሐንዲሱ ይህን አያውቅም። ውጤቱን አንብቦ «አፈሩ ያብጣል» ብሎ ጻፈ። የተመረመረው የጎረቤት አፈር ቢሆንም፣ እንዳጋጣሚ የመጀመሪያው ግቢ አፈርም የሚያብጥ ነው። የጻፈው እውነት ነው፤ በቂ ምክንያትም ነበረው። ግን አውቆታል ማለት ይቻላል? ፈላስፋው ኤድመንድ ጌቲየር እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣት የሦስት ገጽ ጽሑፍ ፈላስፎችን ያስጨነቃቸው በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔ አላወቀም ባይ ነኝ። ለዚህም ነው ወጣት ባልደረቦቼን ስለ ከረጢት ምልክት አጥብቄ የምቆጣቸው።

ሕክምና ቤትም ያችው ገጽ ትከተላችኋለች። ትኩሳት ይዟችሁ ሄዳችሁ የዊዳል ምርመራ «ታይፎይድ» አለ። ምርመራው የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት በጀርሙ ላይ ያመረተውን መከላከያ ነው። ይህ መከላከያ ደግሞ ከድሮ ሕመም ሊቀር፣ በሌላ ጀርምም ሊቀሰቀስ ይችላል። ጀርሙን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው ካልቸር የበለጠ ያስተማምናል። ሐኪሙ ግን ቀናት የሚወስደውን ካልቸር ሁልጊዜ መጠበቅ አይችልም፤ በሽተኛው እንዳይብስበት ምልክቶቹን መዝኖ መድኃኒት ይጀምራል።

ለዚህ ነው የአንዱን ሙያ ሚዛን ወስዳችሁ በሌላው ላይ አትጫኑ የምላችሁ። የሒሳብ ሰው ካረጋገጠ አረጋገጠ ነው፤ እሱም ቢሆን የሎጂክ ሊቁ ኩርት ጎዴል እ.ኤ.አ. በ1931 እንዳሳየው፣ የቁጥርን ሒሳብ የሚችልና እርስ በርሱ የማይጋጭ ሥርዓት ሁሉ በራሱ ደንብ የማይፈታው ጥያቄ ይኖረዋል። እኔ አፈሩን ከተጠራጠርኩ፣ ማስረጃዬ ግማሽ እንኳ ቢሆን፣ መሠረቱ ጠልቆ ይቆፈር ብዬ አዝዛለሁ፤ ብሳሳት የሚባክነው ብረትና ሲሚንቶ ነው። ዳኛ ግን በዚያው ግማሽ ማስረጃ ሰው ወህኒ ማውረድ የለበትም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር የሚያዘው የሚጠፋው የሰው ዕድሜ ስለሆነ ነው።