አልፋ ሊፖይክ አሲድና ነርቭ፦ ጥያቄና መልስ

የስኳር ሕመም ላለባቸው ወላጆች ከውጭ በሻንጣ ከሚላኩት ብልቃጦች አንዱ አልፋ ሊፖይክ አሲድ ነው። ፋርማሲ ስለምሠራ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ለጠየቃችሁኝ መልሴ እነሆ።

ጥያቄ፦ ቫይታሚን ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ በጥቂቱ ይሠራዋል፤ ሴሎች ምግብን ወደ ኃይል ሲለውጡ ይጠቀሙበታል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሌስተር ሪድና ባልደረቦቹ በ1951 እ.ኤ.አ. ለይተው ሲያወጡት፣ ከ10 ቶን ገደማ የጉበት ተረፈ ምርት ያገኙት 30 ሚሊግራም ብቻ ነው። በክኒን የሚሸጠውን 600 ሚሊግራም ጉበት በልቶ ማግኘት አይታሰብም።

ጥያቄ፦ እናቴን ስኳር ከያዛት ቆይቷል። ሌሊት እግሯን ያቃጥላታል። ይጠቅማታል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ ፍሪ ራዲካል የሚባሉት ጎጂ ቅንጣቶችም ይበዛሉ። ረጅሙ ነርቭ ቀድሞ ስለሚጎዳ ሕመሙ ከእግር ጣት ይጀምራል። አልፋ ሊፖይክ በውሃም በስብም ይሟሟል፤ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ቅንጣቶቹን ያመክናል ተብሎ ነው የሚሰጠው። ጀርመን ውስጥ ሲታዘዝ ዓመታት ሆኖታል። በደም ሥር ለ3 ሳምንት የተሰጣቸው ሕሙማን ማቃጠሉና መውጋቱ ቀሎላቸዋል። ክኒኑ ላይ ግን ተስፋ አታብዢ። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም በ2024 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን ሰብስቦ ያየበት ግምገማ፣ 6 ወር ቢወሰድም ከባዶ ክኒን ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ለዓመታት ወስደዋል? ከወሰዱ ቫይታሚን ቢ12 ይመርመሩ። የቢ12 እጥረትም ልክ እንዲህ ያቃጥላል፣ ያደነዝዛል፤ እሱ ደግሞ በመርፌ ወይም በክኒን ይታከማል። ይህን ሳያስመረምር ገንዘቡን ብልቃጥ ላይ የሚጨርስ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል። ማታ ማታም እግራቸውን በመብራት እዪላቸው፤ በጣቶቹ መካከል፣ ተረከዙ ሥር። የደነዘዘ እግር ጠጠር ቢወጋውም አይታወቀውም።

ጥያቄ፦ 600 ካልሠራልኝ 1800 ልውሰድ?

መልስ፦ አይ፣ ተው ወንድሜ። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 600፣ 1200 እና 1800ን አወዳድሯል። መጠኑ ሲጨምር የባሰው ማቅለሽለሹ ነው። ምግብ ወደ ደም የሚገባውን ስለሚቀንሰው፣ የሚወስደው ሰው ከምግብ በፊት ይውሰደው።

ጥያቄ፦ ለመርሳት ሕመምስ?

መልስ፦ መርሳትን ያክማል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም። መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው የአንጎልና የነርቭ ሕመም ግን በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። በቀን 1200 ሚሊግራም ለ2 ዓመት የወሰዱት ሕሙማን አንጎላቸው የሚሟሽሽበት ፍጥነት ቀንሶ ነበር። የተሳተፉት 51 ሰዎች ብቻ ስለሆኑ፣ በዚህ ተነሥቶ መድኃኒት ነው ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ጉዳት አለው?

መልስ፦ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። አልፎ አልፎ ሰውነት ኢንሱሊንን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋል፤ ያኔ የስኳር ሕመም የሌለበት ሰው እንኳ ስኳሩ በድንገት ይወርዳል። ይህ በተለይ ጃፓን ውስጥ በብዛት ተመዝግቧል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መዞር ከመጣ ስኳሩን መለካት ነው። ከሕፃናትም አርቁት፤ ብዙ የዋጠ ልጅ አንዘፍዝፎት ሕይወቱ ያለፈበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ ያለሁት ጂዳ ነው። ለአባቴ ልላክለት ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ሐኪማቸው ካላዘዙት ይቅር እኅቴ። በዚያው ገንዘብ የስኳር መለኪያና ስትሪፕ ላኪላቸው።