«አባባ ሳንቲሙን በሎሚ ልጠበው ይላሉ»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። አባቴ ከአገር ቤት ከመጡ ወዲህ ቤት መዋል ሰልችቷቸው ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሜታል ዲቴክተሩን (መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረታ ብረት በድምፅ የሚጠቁም መሣሪያ) አውሶኝ አባባን ይዤ ወደ ወላጆቹ እርሻ ሄድን። ቦታው ላይ ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ሰው ይኖር ነበር ይባላል። ብዙ የዛገ ብረት፣ ጥቂት የልብስ ቁልፎችና አረንጓዴ የለበሰ ትልቅ የመዳብ ሳንቲም አገኘን። አሁን አባባ ሳንቲሙን በሎሚ ልጠበው ይላሉ፣ እኔ ፈራሁ። ዝገቱንስ እንጣለው? በአቅራቢያችን ያለው የድሮ ጦር ሜዳ አሁን ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ እዚያስ መፈለግ እንችላለን? ብ. ነኝ።

መልስ፦ ወንድማችን ብ.፣ በመጀመሪያ ሎሚውን ከአባባ አርቅ። የሎሚ አሲድ መዳብ ይበላል። ያ አረንጓዴ ሽፋን ደግሞ ቆሻሻ አይደለም፣ መዳቡ ራሱ ከአፈሩ ጋር ተዋህዶ የሠራው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳንቲሙ ላይ ከተቀረጸው የንጉሥ ፊትና ከጽሑፉ የተረፈው ነገር ያለው እዚያው ሽፋኑ ላይ ነው። እሱ ሲነሳ ሥዕሉም አብሮ ይሄዳል። ገና ከጉድጓድ ሲወጣም በአውራ ጣት ማሸት የለም፣ አፈሩ ውስጥ ያለው አሸዋ ይቧጭረዋል። ይድረቅ። ከዚያ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የስልካችሁን መብራት ከጎን፣ ከሳንቲሙ ጋር እኩል አድርጋችሁ አብሩበት። ከላይ ሲያዩት ልሙጥ የነበረው ላይ አፍንጫ፣ የፀጉር ጥቅልል፣ አንዳንዴም ፊደል ብቅ ይላል።

ፊቱ ወደ ግራ ከዞረ የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ ሊሆን ይችላል (ከ1727 እስከ 1760፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ወደ ቀኝ ከሆነ ሣልሳዊ ጆርጅን ጠርጥሩ። ከጀርባው የተቀመጠች ሴት ካለች የእንግሊዝ ግማሽ ፔኒ ሊሆን ይችላል። ጋሻና «ቨርጂኒያ» የሚል ጽሑፍ ከሆነ ግን በ1773 ለቨርጂኒያ ተብሎ የተመታው ነው፣ ይሄ እዛው አገራችሁ ላይ የሚያስደስት ነገር ነው። አትቸኩሉ ግን። አሜሪካ ራሷ ከ1793 እስከ 1857 እንዲሁ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲም ትመታ ስለነበር ትልቅና መዳብ መሆኑ ብቻውን የቅኝ ግዛት ዘመን አያደርገውም። አንድ ቀን ደግሞ ከብር የተሠራ የስፔን ሳንቲም ብታገኙ ግር አይበላችሁ፣ የስፔን የብር ሳንቲም እዚያ አገር እስከ 1857 ድረስ ሕጋዊ መገበያያ ነበር።

ዝገቱን አትጣሉ! እንደ እኔ ከሆነ ከሳንቲሙ የበለጠ ብዙ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ምስማሮቹን ለይታችሁ ተመልከቱ። ግንዱ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ጫፉ በአራቱም ጎን ከቀጠነ፣ አናቱ ላይም የመዶሻ ምት ከታየ፣ ቀጥቃጭ በእጁ የሠራው ነው። በማሽን የተቆረጠ ምስማር የመጣው ወደ 1790ዎቹ ነው፣ የዛሬው ዓይነት ክብ የሽቦ ምስማር ደግሞ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። እንግዲህ በእጅ የተቀጠቀጠ ምስማር አንድ ቦታ ላይ ተጠቅጥቆ ካገኛችሁ ቤት የቆመው እዚያ ነበር፣ ቁልፉም፣ የጫማ ዘለበቱም፣ ክብ የእርሳስ ጥይቱም (ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይለብሳል) በዚያ ዙሪያ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ማሽኑን ብረት እንዳይሰማ አድርጋችሁ አትዝጉት። ብረት ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ መዳብና ብር ቀጠን ያለ። ምስማር መሀል የተቀበረ ሳንቲም የተቆራረጠ ድምፅ ነው የሚያሰማው፣ ያንን ለመያዝ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ያስፈልጋል።

ሥራውን ተካፈሉ። አንተ ቆፍር፣ አባባ ደብተር ይያዙ። ምን ተገኘ፣ የት፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ፣ ከምን ጋር። ያለ ቦታው የወጣ ቁልፍ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ቦታው ከተጻፈለት ግን የአንድ ቤት ታሪክ አካል ይሆናል፤ በኋላ አርኪዮሎጂስት ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንን ደብተር ነው።

ብሔራዊ ፓርኩን እርሱት። መቆፈር ቀርቶ ለሥራ ዝግጁ የሆነ ሜታል ዲቴክተር ይዞ መገኘት ራሱ ክልክል ነው። በ1979 የወጣው የፌደራል ሕግ ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን ቅርስ ከመንግሥት መሬት ያለ ፈቃድ ያወጣን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስር ያስቀጣል፣ ጉዳቱ ከፍ ሲል ቅጣቱም ይጨምራል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ደግሞ ከወንጀል ክስ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ታውቁታላችሁ። እርሻው ላይም ቢሆን የባልደረባህ «ችግር የለም» አይበቃም። ከወላጆቹ፣ ከባለመሬቶቹ፣ የተገኘው ነገር ለማን እንደሚሆን የሚገልጽ ወረቀት አስፈርም።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልጨምር። ቨርጂኒያ ውስጥ የድሮ እርሻ ማለት ብዙ ጊዜ ባሪያ ተደርገው የተያዙ ሰዎች የኖሩበትና የሞቱበት መሬት ነው። የእነሱ መቃብር ብዙውን ጊዜ ስም የለውም። ምልክቱ ያልተጠረበ ድንጋይ፣ ሰመጥ ሰመጥ ያለ ሰው የሚያህል መሬት፣ ብዙ ጊዜም ቪንካ የሚባለው ቅጠሉ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ባለ ሰማያዊ አበባ ተክል ነው። አርኪዮሎጂስቶች እነዚህ ሰዎች በኖሩባቸው ጎጆዎች አካባቢ የተበሳ ሳንቲም አግኝተዋል፣ እንደ ክታብ በክር ያስሩት ነበር። እንዲህ ያለ ከወጣላችሁ በዋጋው አትለኩት፣ ደብተሩ ላይ በጥንቃቄ ጻፉት። መቃብር የመሰለ ቦታ ካያችሁ ግን ማሽኑን አጥፉ፣ ምንም አትንኩ፣ ለባለመሬቶቹ ንገሩ። ከፈለጉ የቨርጂኒያ ግዛት የታሪክ ቅርሶች መምሪያ ዘንድ ማስመዝገብ ይችላሉ።