‹‹ሰውነቴ የራሴ ነው›› ብትለኝ ምን ልመልስላት?

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በሴቶች ክበብ ውስጥ በንቃት እሳተፍ ነበር። የ22 ዓመቷ ታናሽ እህቴ ሰሞኑን በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ በተቀረጸ የሙዚቃ ክሊፕ ላይ ስስ ልብስ ለብሳ ስትወዛወዝ አየኋት፤ ካሜራው ከአንገቷ በታች እንጂ ፊቷን እምብዛም አያሳይም። ስቆጣት ‹‹ሰውነቴ የራሴ ነው፤ ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ›› አለችኝ። የታገልንለት ነጻነት ይህ ነውን?
ስሜ ይቆይ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እህትዎ የተናገረችው እውነት ስለሆነ በዚያ በኩል ሊረቷት አይችሉም። ‹‹ባህላችን አይፈቅድም›› የሚለውንም አልመክርዎትም፤ ‹‹ጨዋ ሴት›› የሚባለው ቃል እኮ ብዙ ሴቶችን እርስዎ ከነበሩበት ዓይነት ክበብ ያስቀረ ቃል ነው።

በሴቶች መብት ታጋዮች ዘንድም ይህ የቆየ ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ የቁንጅና ውድድርን የተቃወሙ ሴቶች ጡት መያዣና ባለተረከዝ ጫማ በርሜል ውስጥ ጣሉ (አቃጠሉ የሚባለው ተረት ነው)። ከእነርሱ አንዷ ካሮል ሃኒሽ በዚያው ዓመት በጻፈችው ሂስ፣ አንዳንድ መፈክሮች ውድድሩን ትተው ተወዳዳሪዎቹን ጠላት እንዳስመሰሉ አምናለች። እርስዎም በቁጣዎ የደገሙት ይህንኑ ስህተት ይመስለኛል።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ጋዜጠኛዋ ግሎሪያ ስታይነም ሌላ መንገድ ሞክራ ነበር። ማንነቷን ደብቃ ፕሌይቦይ የተባለው የወንዶች መጽሔት በኒው ዮርክ በነበረው ክለብ በአስተናጋጅነት ተቀጠረች፤ የጥንቸል ጆሮና ጅራት ያለውን ጠባብ ልብስ ለብሳ ሠራች፤ በ1963 ባወጣችው ዘገባም ገቢው ማስታወቂያው ቃል ከገባው እጅግ ያነሰ እንደነበረና ለልብሱ ማጠቢያ እንኳ ከሴቶቹ ገንዘብ ይቆረጥ እንደነበር በዝርዝር አስፍራለች። እኔ ከስብከት ይልቅ ይህን ሂሳብ እመርጣለሁ።

ለሴቶች ትግል የሚያሰጋኝ የእህትዎ ውዝዋዜ አይደለም፤ ‹‹ምርጫዋ ነው›› የሚለው ቃላችን ክሊፑን ለሚያሠራው ሰው መከለያ መሆኑ ነው። እርሷ መወዛወዝን መርጣ ሊሆን ይችላል፤ ፊቷን የሚያስቀረውን ካሜራ ግን እርሷ አልያዘችውም። ስለዚህ ተረጋግተው ይጠይቋት፦ ልብሱን ማን መረጠው? ቀኑን ሙሉ ለዋለችበት ስንት ተከፈላት? ክሊፑ ዩቲዩብ ላይ ከመጫኑ በፊት አሳይተዋታል? ‹‹ይህ ቦታ ይቆረጥልኝ›› ብትል ሰሚ ታገኝ ነበር? ለእነዚህ ሁሉ የሚያጠግብ መልስ ካላት፣ ክሊፑ እርስዎን አላስደሰተዎትም እንጂ እርሷ አልተሳሳተችም። መልስ ካጣች ደግሞ ወደሚቀጥለው ቀረጻ ከመሄዷ በፊት ውሉን ታምጣና አብረው ያንብቡት።