«መድኃኒቱን ካቆምኩ ወዲህ ጭንቅላቴ ውስጥ ይነዝረኛል»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድባቴ መድኃኒት ስለ መቀነስ

ጥያቄ፦ ለድባቴ ሰርትራሊን 50 ሚሊ ግራም ታዝዞልኝ በቀን አንድ ክኒን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ወስጃለሁ። ደህና ከሆንኩ ስለቆየሁ «አንድ ቀን እየዘለልሽ ሁለት ሳምንት ውሰጂና አቁሚ» ተባልኩ። እንደተባልኩት አድርጌ ባቆምኩ በሦስተኛው ቀን ማዞር ጀመረኝ። ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው ሰው ይነዝረኛል። በትንሽ በትልቁ ሆድ ይብሰኛል፣ ሌሊት በቅዠት ስባንን አድራለሁ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። በሽታዬ ተመልሶ ነው? ዕድሜ ልኬን ልውጠው ነው?
ስሜ ይቆየኝ፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ የገለጹልን በሽታው ሲመለስ የሚታየውን ሳይሆን መድኃኒቱ ቶሎ ሲቋረጥ የሚመጣውን ይመስላል። ቀኑን ይመልከቱ። በደም ውስጥ ያለው ሰርትራሊን በ26 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ባቆሙ በሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ሰውነት ጉድለቱን ያውቀዋል። ድባቴ ሲመለስ ግን ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ነው የሚገባው። ደግሞ ንዝረቱን ያስተውሉ፤ ድባቴ እንዲህ አያደርግም። ዓይን ወደ ጎን ሲዞር ብልጭ የሚለው ንዝረት የእነዚህ መድኃኒቶች መቋረጥ ዋና መታወቂያ ነው። ያስፈራል እንጂ የሚጥል በሽታ አይደለም። ሱሰኛ ሆኑ ማለትም አይደለም፤ አእምሮዎ ከመድኃኒቱ ጋር ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖሮ ራሱን አስተካክሏል፣ መልሶ ለማስተካከልም ጊዜ ይፈልጋል።

አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ በሰርትራሊን አይሠራም። በ48 ሰዓት ውስጥ ከመድኃኒቱ የሚቀረው ሩብ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መጠኑ አንድ ቀን ወደ ላይ፣ አንድ ቀን ወደ ታች ይላል፤ ይህ መቀነስ ሳይሆን በየሁለት ቀኑ ማቋረጥ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እየወሰዱ መጠኑን ማሳነስ ነው ትክክለኛው መንገድ።

ሌላው ስሕተት ሁሉንም እርምጃ እኩል ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ማርክ ሆሮዊትዝና ዴቪድ ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች የአእምሮ ምስሎችን መሠረት አድርገው ምክንያቱን አስረድተዋል። የሰርትራሊን ዘመድ የሆነው ሲታሎፕራም 20 ሚሊ ግራም ሲወሰድ መድኃኒቱ ከሚሠራባቸው የሴሮቶኒን (በአእምሮ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ንጥረ ነገር) ማጓጓዣዎች 80 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ወደ 5.4 ሚሊ ግራም ሲወርድ የሚይዘው ገና 60 በመቶ ነው። 2.3 ሚሊ ግራም ብቻ ሲቀር እንኳ 40 በመቶ ይይዛል። ከ20 ወደ 5.4 መውረድ ከባድ ይመስላል፤ ለአእምሮ ግን ያችን የመጨረሻ 2.3 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ መተው እጥፍ ይከብዳል። ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ለጥ ያለ ነው፣ ገደሉ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ብዙ ሰው «ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ» ብሎ የሚወድቀውም እዚያ ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪምዎ ይመለሱና መድኃኒቱን እንደገና ጀምሮ ቀስ ብሎ ስለ መቀነስ ያነጋግሯቸው። በመቋረጥ የመጣ ምልክት ከሆነ መድኃኒቱ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይለዝባል። ከተረጋጉ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው ይጀምሩ። ለሐኪምዎ ይዘውት ሊሄዱ የሚችሉት መሰላል ይህን ይመስላል፦ ከ50 ወደ 37.5፣ ከዚያ 25፣ ከዚያ 18.75፣ ከዚያ 12.5፣ ከዚያ 6.25 ሚሊ ግራም፤ በእያንዳንዱ ላይ አራት ሳምንት። በድምሩ አምስት ወር ያህል ነው። አንድ ደረጃ ወርደው የሚመጣው ምልክት በአንድ ሁለት ሳምንት ካልበረደ ወይም ካልቻሉት፣ እስከ መጀመሪያው ሳይሆን ወደ ቀደመው ደረጃ ብቻ ይመለሱ፤ ቀጣዩን እርምጃ ደግሞ በግማሽ ያሳንሱት።

የ50 ሚሊ ግራም ክኒን ሩቡ 12.5 ነው። 18.75 እና 6.25 ለማግኘት የ25 ሚሊ ግራሙን ክኒን በአራት መክፈል ይቀላል። በምላጭ ሳይሆን ከፋርማሲ በሚገዛ የክኒን መቁረጫ ይቁረጡ። ሩቦቹ እኩል አይወጡም፤ ስለዚህ የአንዱን ክኒን ቁርጥራጮች ሳይጨርሱ ሌላ አይቁረጡ። አንዱ ቀን የበዛው በሚቀጥለው ቀን ይካካሳል። የተቆረጠው ሰርትራሊን ይመራል፣ ምላስንም ያደነዝዛል፤ ሙዝ ውስጥ ከትተው ቢውጡት ይሻላል። ከ6.25 በታች ለመውረድ ፈሳሹ ከተገኘ ጥሩ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም የያዘው ዓይነት ከሆነ 3 ሚሊ ግራም ማለት 0.15 ሚሊ ሊትር ነው። መርፌ በሌለው የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለክተው፣ በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡት።

በየቀኑ በደብተር ቀኑን፣ መጠኑን፣ ማዞሩንና እንቅልፉን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ሰጥተው ይጻፉ። ካልተጻፈ ባለፈው ሳምንት የነበረው ይረሳል፣ የዛሬው ብቻ ይገንናል። ቡናን ጠዋት ላይ ወስኑት፤ ሦስተኛውን ስኒ ማታ የሚጠጣ ሰው እንቅልፍ ያጣው በመድኃኒቱ ይሁን በቡናው አይለይም። ጫትና አልኮል በዚህ ወቅት ይቅሩ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከሰርትራሊን ጋር የጨጓራ መድማትን ያባብሳሉ፣ ትራማዶል ደግሞ ሴሮቶኒንን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ አደጋ ያመጣል። ማዞሩ እስኪተው መኪና አይንዱ።

ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ወይም ቁጭ ብሎ መቀመጥ እስኪያቅት ድረስ ውስጥን የሚያቅበጠብጥ ስሜት ከበረታ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ዕድሜ ልክ ስላሉት፦ አብዛኛው ሰው ቀስ ብሎ ሲወርድ መድኃኒቱን መተው ይችላል። ድባቴው ከዚህ በፊት ደጋግሞ የመጣበት ሰው ግን መቀጠሉ ይጠቅመው ይሆናልና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር።

ጥያቄ፦ ቬንላፋክሲን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት በ75 ሚሊ ግራም ካፕሱል እወስዳለሁ። ለመቀነስ ካፕሱሉን ከፍቼ ፍሬዎቹን ፈጭቼ ልከፍለው አሰብኩ።
ከዱባይ

መልስ፦ አይፍጩት። ፍሬዎቹ የተሠሩት መድኃኒቱን ቀኑን ሙሉ ቀስ እያሉ እንዲለቁ ነው፤ ከተፈጩ የቀኑ መጠን ባንዴ ይገባል፣ ወዲያውም ያልቃል። ቬንላፋክሲን ራሱ በአምስት ሰዓት ገደማ በግማሽ የሚቀንስ መድኃኒት ስለሆነ አንድ ቀን የረሳ ሰው ማታውኑ ያውቀዋል። መጀመሪያ ወደ 37.5 ሚሊ ግራሙ ካፕሱል ይውረዱ። ከዚያ በታች ፍሬዎቹን ሳይሰብሩ ቆጥሮ መቀነስ ወይም ቀስ ብሎ ከደም ወደሚወጣው ሌላ የድባቴ መድኃኒት፣ ወደ ፍሉኦክሰቲን፣ መሸጋገር ይቻላል፤ ሁለቱም በሐኪም እጅ ይሁኑ። ለእረፍት ወደ አገር ቤት ሲመጡ ከቆይታዎ በላይ የሁለት ሳምንት ትርፍ ይያዙ። መድኃኒቱ መንገድ ላይ አልቆባቸው ሳያስቡት የሚያቋርጡ አሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት 50 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። ለሁለት ሱባኤ ጠበል ልትገባ ነው፤ «ከጠበል ጋር አይሆንም» ብላ ልትተወው ነው።
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እናትዎ ጠበሉንም መድኃኒቱንም ይያዙ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውንና ጠበሉን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ካልተረጋጉ የንስሐ አባታቸውን ያስጠይቋቸው። ሰዓቱም አይጋጭም፤ ጠበሉ ጠዋት በባዶ ሆድ ነው፣ ክኒኑ ማታ ከምግብ በኋላ። አሚትሪፕቲሊን በድንገት ሲቆም ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ላብ፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። በጾም ለደከመ ሰውነት ይህ የውኃ ማነስ ነው። መተው ካለባቸውም ከጠበል ከተመለሱ በኋላ ከሐኪማቸው ጋር ከ50 ወደ 37.5፣ ከዚያ 25፣ ከዚያ 12.5 በየሦስት አራት ሳምንቱ እያሳነሱ ይወርዳሉ። ለሁለቱ ሱባኤ 28 የ25 ሚሊ ግራም ክኒኖች ቆጥረው ከነማሸጊያቸው በቦርሳቸው ያስይዟቸው፣ አብሯቸው ለሚሄደውም ሰው የማታውን ሰዓት ይንገሩት።