«ዱርዬ ነው» ለሚል ምስክር፦ ለወጣት የሕግ ባለሙያዎች

በቅርቡ አንዲት የሕግ ተማሪ «ጋሼ፣ ሰውን ‹ዱርዬ› ማለት ስድብ ነው ወይስ ክስ?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ በ1998 ዓ.ም. ጥብቅና የቆምኩለት ልጅ ትዝ አለኝና እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም።

ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ከትምህርት መልስ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ፑል ቤት በር ላይ ቆሞ ሳለ ተይዞ በ«አደገኛ ቦዘኔነት» ተጠረጠረ። ቦዘኔ ማለት ከመቦዘን የመጣ፣ ሥራ የፈታ ሰው ማለት ብቻ ነበር፤ በሕግ ግን «አደገኛ» የሚል ቅጽል ተጨምሮበት የወንጀል ስም ሆነ፤ በ1996 በወጣው አዋጅ ቁጥር 384 መሠረትም በዚህ የተጠረጠረ ሰው የዋስትና መብት አልነበረውም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ ይህ ስም አደባባይ ለወጣው የአዲስ አበባ ወጣት ሁሉ የሚለጠፍ ሆነ። በልጁ መዝገብ ውስጥ ያገኘሁት የምስክር ቃል «የሰፈሩ ዱርዬ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል» የሚል ነበር። ማንን እንደመታ፣ ምን እንደሰረቀ አንድም መስመር አልተጻፈም። እናቱ የትምህርት ቤት መታወቂያውንና ደብተሮቹን በፌስታል ይዘው በየቀጠሮው ይመጡ ነበር፤ መታወቂያውን ለዳኛው አሳየሁ፣ ዋስትናም ጠየቅሁ፣ ሕጉ አይፈቅድም ተባልኩ። ልጁ ክስ ሳይመሠረትበት ሲለቀቅ የዓመቱ ፈተና አልፎ ነበር፤ ወደ ትምህርቱም አልተመለሰም።

ቃሉን ራሱን አልጠላውም። ብርጭቆ የሰበረ ሕፃን እናቱ «አንተ ዱርዬ!» ስትለው ቁጣዋ ፍቅር አለበት፤ እኛ ባደግንበት ሰፈር ደግሞ ዱርዬ የሚባሉት ጎረምሶች እህቶቻችንን ከሌላ ሰፈር ለካፊ የሚከላከሉልን ነበሩ። ያም ሆኖ ጎረቤት የእኔን ልጅ በዚህ ስም ቢጠራብኝ ዝም አልልም። የዛሬ ወጣቶች በስልካችሁ እርስ በርስ «ዱርዬ» ስትባባሉ እንደ ምስጋና መቁጠራችሁም አይዋጥልኝም፤ ቃሉ የፖሊስ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ስላላያችሁ ይመስለኛል። አማርኛ ለእያንዳንዱ ጥፋት የራሱ ስም አለው፦ ቀማኛ፣ ደብዳቢ፣ ሌባ፤ ወርሮ የሚበላውንም «ወሮበላ» ይለዋል። እነዚህ ሁሉ የተደረገውን ይናገራሉ። «ዱርዬ» እና «ጋጠወጥ» ግን ስለ ሰውየው ጠባይ የተናጋሪውን ግምት እንጂ ስለ አንድ ድርጊት ምንም አይነግሩንም፤ ሰው ደግሞ መከሰስ ያለበት ባደረገው ነው።

ስለዚህ ምስክር «ዱርዬ ነው» ሲላችሁ በየትኛው ቀን፣ የት፣ ማንን ምን ሲያደርግ እንዳየው ጠይቁት፤ «ሁሉም ያውቀዋል» ብሎ ከመለሰም ይኸው መልሱ ቃል በቃል በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር አመልክቱ።